አዲስ አበባና መንገደኛዋ

ስለ አዲስ አበባ መጓጓዣ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ቶሎ ብሎ ወደ ተሽከርካሪ ቁጥር ያመራል። ስንት አውቶቡስ አለ? ስንቱ ጋራዥ ቆሟል? ስንት ታክሲ ቢጨመር ሰልፉ ያጥራል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከተቆረቆረች ጀምሮ ያለፈችበትን ጉዞ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ይታየዋል፤ ይኸውም ሠርቶ አዳሪው የት እንዲኖር ተደረገ የሚለው ነው። ጎማው የመጣው ዘግይቶ ነው። ከጎማው በፊት ርቀቱ ነበረ፤ ርቀቱንም በየዘመኑ የወሰነው ቤት የሚሰጠውና ቤት የሚያፈርሰው ኃይል ነው።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት የፍልውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙ የተጀመረው ነገር በወረቀት ላይ የተነደፈ ከተማ አልነበረም። የጦር ሰፈር ነበር። ንጉሡ ከመካከል፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ ወታደሩና ሎሌው ደግሞ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ሰፈሩ። በሥፍራው ይኖሩ የነበሩት ባላገሮች እየተገፉ ወደ ዳር ወጡ፤ የከተማይቱ ታሪክ ገና ከጅምሩ ከመሬት የመነሣት ታሪክ እንደ ነበረ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን አሰፋፈር ይመሰክራሉ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል ነበረ፤ ክረምት ሲገባ ቀበና ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ያለውን ዘመድ መጠየቅ የማይቻልበት ቀን ጥቂት አልነበረም። መንገድ የሚባለውም ከየጉብታው ወደ ቤተ መንግሥት የሚወስደው የበቅሎ ዱካ ነበር።

በዚህ ዱካ ላይ የሚታየው ትርኢት የከተማይቱ የመጀመሪያ የትራፊክ መጨናነቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኰንኑ በተሸለመ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ ከፊት ከኋላው፣ ከግራ ከቀኙ ነጭ የለበሰ አጃቢ ይጎርፋል። አንዱ ይቀመጣል፣ መቶው በእግሩ ይሮጣል። ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ያ አጃቢ ማታ የሚያድረው ከጌታው አጥር ሥር ነበር። ጎጆውና ሥራው የሚለያዩት በጥቂት ርምጃ ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ አዲስ አበባ ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች በተለየ ሁኔታ የባለጸጋው ፎቅና የድኻው ጭቃ ቤት ጎን ለጎን የሚታዩባት ከተማ ሆነች። እንግዶች ይህን ሲያዩ ሥርዓት የለሽነት ይሉት ነበር። ለሎሌው ግን ጥቅም ነበረው፤ እግሩ ብዙ አይደክምም።

ብዙ የሚደክም እግር አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ከከተማይቱ የዕለት ተዕለት ተመላላሾች ሁሉ ጥንታውያኑ ናቸው። የማገዶ እጥረት እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ቤተ መንግሥቱን ከመዛወር አዳነ፤ የተሸካሚዋን ጀርባ ግን አላዳነም። በ1890ዎቹ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ያ ከባድ መኪና ሲበላሽ የቆመበት ሥፍራ ሰባራ ባቡር ተብሎ ቀረ። በሌላ አገር ለሚሠራ መኪና ሐውልት ይቆማል፤ አዲስ አበባ ግን ለተሰበረው ሰፈር ሰየመችለት፤ ስሙም ከመኪናው ይልቅ ብዙ ዕድሜ ኖረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አላዩትም። የዛሬው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በነዋሪው አፍ ለገሃር ሆነ። ባቡሩ የመጣው ለነዋሪው የዕለት ጉዞ አልነበረም፤ ቡናና ቆዳ ሊያወጣ፣ ጨርቅና ብረት ሊያስገባ ነው። ቢሆንም የከተማይቱን የክብደት ማዕከል ወደ ደቡብ ሳበው። ከአራዳ ገበያ እስከ ለገሃር ያለው ቁልቁለት ጭነት የሚጎርፍበት፣ ጋሪ የሚንኳኳበት፣ ኩሊ የሚሯሯጥበት መንገድ ሆነ። ከጣቢያው ዕቃ የሚያወርደው ወዛደር ማደሪያውን እዚያው ባገኘው ሥርቻ ቀለሰ። እንደገና ሥራና ጎጆ ተቀራረቡ።

ይህን ቅርርብ በዕቅድ ለመበጠስ የመጀመሪያው የተነሣው የፋሺስት ኢጣሊያ አገዛዝ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን የነጭና የጥቁር መኖሪያ እንዲለያይ ታወጀ፤ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ለኢጣሊያኖቹ ተለቆ አገሬው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማና መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ እንዲዛወር ተደረገ። ዕቅዱ ሳይፈጸም አርበኛው አገሩን አስመለሰ፤ ገበያው ግን ከሄደበት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውም የሚገዛውም ወደ መርካቶ መጓዝ ግድ ሆነበት። የአዲስ አበባ ዋና የመጓጓዣ መስመር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው፣ ሥሩ በዚህ የዘር መለያየት ዐዋጅ ውስጥ መሆኑ በየቀኑ በአውቶቡስ ተራ ለሚወርደው መንገደኛ ትዝ የሚለው አይደለም።

በቋንቋውም የቀረ አለ። ጎማ፣ ፌርማታና መኪና ከኢጣሊያንኛ፣ ሾፌር፣ ጋራዥና ለገሃር ከፈረንሳይኛ የተወረሱ ናቸው። የብረቱና የሥፍራው ስም ከውጭ መጣ። የሰዉን ሁኔታ የሚገልጹት ቃላት ግን፣ ሰልፍ፣ ተራ፣ ግፊያ፣ ትርፍ፣ ወራጅ፣ ሁሉም የአገር ናቸው። መኪናውን የሠራው ሌላ ነው፤ መከራውን የሰየመው ተሳፋሪው ነው።

አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ጥለዋቸው በሄዱት ጥቂት መኪናዎች ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የንጉሣውያን ቤተሰብ ድርሻ ያለበት አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ወራሪ ወታደር ያመላለሰ መኪና ቀለሙን ለውጦ ቀበሌኛ ለባሽ ነጋዴና ተማሪ ሲጭን ማየት ለዚያ ትውልድ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 443,728 ነበር። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቶች እየበዙ፣ የአፍሪካ አዳራሽ እየታየ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፈላጊ እየጎረፈ ነበር። አውቶቡሱ የከተሜነት ምልክት ሆነ፤ ባለ ቁጥር መስመር፣ ትኬት፣ ፌርማታ፣ ማንም ከማንም ጎን የሚቆምበት ሥፍራ። በበቅሎ ዘመን የማይታሰብ ነገር ነው። ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ተሳፋሪው ያውቅ ነበር፤ ይህ ዕውቀት በ1966 ዓ.ም. ዋጋ አስከፈለ።

የየካቲት 1966 ዓ.ም. ታሪክ በብዙ መልኩ ተነግሯል። በመጓጓዣ በኩል ሲታይ ግን እንዲህ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ከፍ አደረገ። የታክሲ ነጂው በጭማሪው መጠን ታሪፉን ከፍ እንዲያደርግ ግን አልተፈቀደለትም። ነጂው በአንድ ወገን ለባለ ነዳጁ፣ በሌላ ወገን ለመኪናው ባለቤት የሚከፍል፣ የቀረችውን ሳንቲም ይዞ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። የካቲት 11 ቀን ነጂዎች ቁልፋቸውን አዙረው ወረዱ። በዚያው ዕለት መምህራን የትምህርቱን ዘርፍ ግምገማ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ተማሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ፤ ድንጋዩም ያረፈው በአንበሳ አውቶቡስ መስተዋት ላይ ነው።

ለምን በአውቶቡሱ ላይ? ድኻውን የሚያመላልስ መኪና የድኻው ጠላት ነውን? ለዚያ ወጣት አውቶቡሱ የመኳንንቱ አክሲዮን ነበር። ታክሲው ቆሞ አውቶቡሱ ሲሽከረከር አድማውን የሚሰብረው እርሱ ነው፤ ትርፉም ወደ ላይ ይወጣል። በንዴት የተሠራ ሥራ ነበር፤ ስሌት የሌለው ግን አልነበረም። መንግሥት የካቲት 16 ቀን ዋጋውን ቀነሰ፤ ነገር ግን ነገሩ ከነዳጅ አልፎ ነበር። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዓለም ላይ ብዙ መንግሥታት በእንጀራና በዳቦ ዋጋ ተናግተዋል፤ የአዲስ አበባው ከሥራ ወደ ቤት በመመለሻው ዋጋ ተናጋ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ፎልክስዋገን መሆኑ፣ በመድረክ ላይ ቢቀርብ ደራሲው አጋነነ ያሰኘው ነበር።

አንበሳ አውቶቡስ ተወረሰ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን አካል ሆነ። ለመንገደኛው ግን ከአውቶቡሱ መወረስ ይልቅ ብዙ ለውጥ ያመጣው ስለ መጓጓዣ አንድም ቃል የሌለበት ዐዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ኪራይን ቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ። በዚህም ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ የመሥሪያ ቤት ተላላኪው በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በፒያሳ ጓሮዎች በጥቂት ብር ኪራይ ጸንተው ተቀመጡ። ቤቶቹ አልታደሱም፤ ጣራው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ሆነ። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይቻልም። ዳሩ ግን ተከራዩ ማለዳ ሥራው የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ ከደመወዙም ለመጓጓዣ የሚቀነስ አልነበረም። በ1976 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ከተማይቱ 1,412,575 ሰው እንደያዘች ሲያሳይ፣ አውቶቡሱ በሕዝቡ ልክ ሳይጨምር ከተማይቱ የተንቀሳቀሰችው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያ ዘመን ተሽከርካሪዎችም የራሳቸው መልክ ነበራቸው። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ትንንሽ ሰይቼንቶዎች፣ ከነርሱም በኋላ ላዳዎቹ፣ በአስፋልቱ ላይ ይርመሰመሱ ነበር። ከኋላቸው ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመላቸው ፔዦዎች ደግሞ «ውይይት» ተባሉ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ስለሚቀመጥ፣ በ1968 ዓ.ም. በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ከተከፈተው የውይይት መድረክ ስሙን እንደ ወሰደ ይነገራል። ከስም አወጣጡ የሕዝቡን ቀልደኛነት መገንዘብ ይቻላል፤ በመድረኩ ላይ ሰው ቃሉን እየመዘነ ሲናገር፣ በመኪናው ውስጥ ስለ ጤፍ ዋጋ በነፃነት ይወያይ ነበር። ሰልፍ የሚለው ቃልም በዚያው ዘመን ሁለት ጭነት ተሸከመ። አንዱ በአብዮት አደባባይ ሲሆን፣ ሌላው በዘይት፣ በስኳርና በአውቶቡስ ፌርማታ ነበር። ሰዓት እላፊ በመኖሩም ቴአትር ቤቶች መጋረጃቸውን ተመልካቹ ቤቱ በሚደርስበት ልክ ይዘጉ ነበር፤ የመጨረሻው ትዕይንት ሲረዝም ከኋላ ረድፍ እየተነሣ የሚወጣው ሰው ድርሰቱን ጠልቶ ሳይሆን መኪናው እንዳያመልጠው ፈርቶ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የመንገድ ትራንስፖርቱ ለግል ባለ ሀብት ሲለቀቅ ዘመኑ የሚኒባስ ሆነ። ያገለገሉ ቶዮታዎች በብዛት ገቡ። ሚኒባሱ አውቶቡሱ የማይገባበት ገባ፣ አውቶቡሱ የማይነሣበት ሰዓት ተነሣ። ከርሱም ጋር አንድ አዲስ ተዋናይ መድረክ ላይ ወጣ፤ በወጉ ረዳት፣ በመንገዱ አጠራር ወያላ የሚባለው ወጣት። በመስኮት ብቅ ብሎ የሚጓዝበትን ሰፈር ስም ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋግም ዜማ ያወጣለታል። «እትዬ፣ ወደ ውስጥ ገባ ይበሉ! ጋሼ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉልን!» እያለ ለ12 ሰው በተሠራው ውስጥ 15 እና 16 ያስቀምጣል፤ ተሳፋሪውም «ወራጅ አለ!» ሲል ያወርዳል። ብዙዎች ይህን ወጣት በስድነት ይከሱታል። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የቀኑን ገቢ ለባለ ንብረቱ ሞልቶ ያላስረከበ ረዳት በማግሥቱ ሥራ እንደሌለው የሚያስታውስ ከሳሽ ጥቂት ነው። ጨዋነት በመንገድ ላይ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ከማለዳ ጀምሮ ስለማይሞላ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን ያለፈው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551 ደረሰ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቀለበት መንገዱ ተሠራ፤ መኪናውን አፈጠነ፣ እግረኛውን ግን በረጅም አጥር ከጎረቤቱ ለየው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተጀመረ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ከሚያፈስ ጣራ ወደ ኮንክሪት፣ ከጋራ መጸዳጃ ወደ ግል መታጠቢያ መሻገሪያ ሆነ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው እልል ያለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቤቶቹ የተሠሩት መሬት በተገኘበት በዳር ነበር። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። የመጨረሻው ከፒያሳ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቃል። በዚያው ወራት የልደታ፣ የአራት ኪሎና የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ለልማት ይነሡ ጀመር። በዐዋጅ ቁጥር 47 መሐል ከተማ የጸናው ተከራይ ከ35 ዓመት በኋላ ጓዙን ጭኖ ወደ ዳር ወጣ። ልብስ አጣቢዋ አዲስ ቤት አገኘች፤ የሚታጠበው ልብስ ግን በአሮጌው ሰፈር ቀረ።

በጥናት ረገድ ደጋግሞ የተገኘው ነገር ከአዲስ አበባ የዕለት ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ መሆኑ ነው። ይህ ዕውነት የድህነት ማስረጃ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ግማሹ ሕዝብ በእግሩ መድረስ የቻለው የሚደርስበት ሥፍራ ቅርብ ስለ ነበረ ነው። ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ያ እግረኛ በአንድ ጀምበር ተሳፋሪ ይሆናል። ማንም መኪና ሳይገዛ፣ ማንም ልጅ ሳይወለድ የአውቶቡሱ ሰልፍ የሚረዝመው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ የተሰጠው ትልቁ መልስ የቀላል ባቡሩ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ተሸፍኗል። የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 39 ጣቢያ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕዝቡ ሥራ ሳይኖረውም ለማየት ተሳፈረ፤ አረጋውያን ልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዙ። ዋጋው ከ2 እስከ 6 ብር በመሆኑ ሠርቶ አዳሪው የራሱ አደረገው። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ። ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ አንድ በአንድ እየቆሙ፣ የቀሩት በተጨናነቀ ሰው ተሞልተው ይመላለሱ ጀመር። ዕዳው በውጭ ምንዛሪ፣ ገቢው በሳንቲም የሆነ ባቡር ከዚህ ሌላ ዕጣ እንዲገጥመው መጠበቅ ይከብዳል። ሰባራ ባቡር የሚለው ስም ግን ቀድሞ ተይዟል።

ቢሾፍቱ፣ ሸገርና ሌሎችም አውቶቡሶች ተጨምረዋል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ለቡ ሆነ፤ መንገደኛው ባቡር ለመሳፈር አስቀድሞ ሌላ መኪና ይሳፈራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። በቦታቸው ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘረጉ። ከተማይቱ እግረኛዋን በቅጡ አስባ መንገድ ስትሠራለት ይህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ደግም አደረገች። በእነዚያ መንገዶች ሙሉ ዕድሜውን ይመላለስ የነበረው እግረኛ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ዳር ተዛውሮ ነበር።

ከተነሡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በቀድሞው ሰፈር ትምህርት ቤት አቆይተዋል፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ማዛወሩ ይከብዳል፣ መምህሩም የታወቀ ነው። እነዚህ ልጆች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። በጨለማ ከእናታቸው ጎን ሰልፍ ይይዛሉ፤ ተራ አስከባሪው ደብተር የያዘውን ወደ ፊት ያሳልፋል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ቆመው ይተኛሉ። መሐል ከተማ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ ከበሩ በኩል፣ ከትንፋሽ ጋር ይመጣል፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን የሚጻፈው «ዘግይቷል» የሚል ብቻ ነው።